ቀላሉ ጠመንጃ

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ጠመንጃ ምረጪልኝ የሚለኝ አይኖርም ብዬ ነበር። አልቀረልኝም። ባለፈው እዚህ ሙስካት፣ ዋዲ ዓዳይ ካለችው ባቃላ፣ ከሰፈራችን ሱቅ፣ ሽንኩርት ስለቅም አንድ ያገሬ ልጅ ከኋላዬ መጣ። መንገድ ሥራ ላይ ኢንጂነር ነው፤ ቤታችን ጎን ለጎን ስለሆነ ሰላም እንባባላለን።

«እማማ ሩቅያ፣ ድሮ ጠመንጃ ቤት ይሠሩ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?»

«ድሮ ምን ማለት ነው፤ ያቆምኩት ዘንድሮ ነው።»

«ይቅርታ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ዑማናዊ አለ። የኢላማ ተኩስ ክለብ ሊገባ ነው። ግማሽ አውቶማቲክ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ደግሞ ትንሽ ነው። አንድ ቀላል ነገር ይጠቁሙኝማ።»

«ቀላል ስትል የቱን ቀላል?»

ሳቀብኝ። «ስንት ዓይነት ቀላል አለ?»

«እሱ ነው እንግዲህ ጉዱ» አልኩና ሽንኩርቴን አስመዝኜ ወጣሁ። ጉልበቴ ረጅም መቆም አይወድም፤ ነገሩም ባቃላ በር ላይ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ እዚህ ነርስ ሆና የመጣችው ልጄ ናት። ወዲያና ወዲህ ብል እንግዲህ አንባቢ ይታገሰኝ።

ኮምቦልቻ ያሉት የልጅ ልጆቼ «አያታችን ወታደር ነበረች» እያሉ ለጓደኞቻቸው ያወራሉ አሉ። ወታደር አልነበርኩም። በዕድሜዬ የተኮስኩት አንዴ ነው፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ። ሥራዬ የጠመንጃውን እንጨት ማሸት፣ ማንገቻና የጉንጭ መደገፊያ መስፋት፣ ሴት ደንበኛ ስትመጣ ደግሞ ማስተናገድ ነበር።

ወደ ሙስካት የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን ለቤት ሥራ ነው። መጀመሪያ የገባሁት አሮጌዋ ከተማ፣ ግንቡ ሥር፣ አንዲት አሮጊት ቤት ነበር። መልካም ሴት ነበሩ፤ አላህ ይማራቸው። እሳቸው ሲሞቱ ዘመዳቸው ዐሚ ኸልፋን ሐምሪያ ወዳለው ቤቱ ወሰደኝ። ዐሚ የምለው አጎቴ ማለት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚለው። ቤቱ ላይ፣ ሱቁ ታች። ሱቁ በአንድ በኩል ከልብስ ሰፊ፣ በሌላ በኩል ከሞባይል ጠጋኝ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ጠባብ ነው፤ የማሽን ዘይትና የአሮጌ እንጨት ሽታ አለው። ፈቃድ ያለው የጠመንጃ መሸጫና መጠገኛ ነበር።

እኔ መጀመሪያ የምወርደው ምሳ ለማድረስ ነው። አንድ ቀን ዐሚ አንድ ሰደፍ በጨርቅ ዘይት ሲቀባ አየሁት። ሰደፍ ትከሻ ላይ የሚያርፈው የእንጨቱ ክፍል ነው። እንጨቱ ደርቆ ነጥቷል፤ ጨርቁ ደግሞ ዘይቱን ራሱ ይጠጣዋል። አላስችለኝ አለ። ሳህኑን አስቀመጥኩና «ስጠኝማ» አልኩት። እኛ ወሎ አራስ ልጅ ቅቤ እንደምንቀባው በመዳፌ አሸሁለት፤ እንጨቱ እስኪሞቅ። መዳፍ ሲሞቅ ዘይቱ ይሰርጋል፤ ጨርቅ ሙቀት የለውም። ዐሚ ምሳውን ረስቶ ቆሞ ያየኛል።

«እጅሽ ደህና ነው» አለ። በሱ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው ይሄ። በነጋታው ቤቱን የሚያጸዳ ሌላ ሰው ተፈለገ። መታወቂያዬ ላይ የቤት ሠራተኛ የሚለው ብዙ ቆይቶ ነው የተስተካከለው፤ ደሞዜ ግን ወዲያው ተስተካከለ።

ስለ ዐሚ ኸልፋን ልማድ ካልነገርኩ ምንም አልነገርኩም። ደንበኛ ሲገባ ዋጋ አይናገርም። ጠመንጃውን ከመደርደሪያ ያወርድና ካዝናውን ያወጣል፤ ከፍቶ ጥይት አለመኖሩን ራሱ ያያል፤ ለኔ ያሳየኛል፤ ከዚያ ለደንበኛው ያሳየዋል። ሦስት ሰው ካላየው ባዶ ነው አይልም። የዛሬ ወጣቶች ሲቸኩሉበት «አንተ የምትቸኩለው የት ለመድረስ ነው?» ይላቸዋል።

ከዚያ ጠመንጃውን ያስይዝና «ጨፍን» ይላል። ደንበኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ ያሳርፋል። «ክፈት።» ሲከፍት ዓይኑ አንገቱን ሳይሰብር ማነጣጠሪያው ላይ ካረፈ ልኩ ነው። ጉንጩን ሽቅብ ቁልቁል የሚፈልግ ከሆነ ልኩ አይደለም፤ ወርቅ ቢቀባም አይሸጥለትም። ክፍት ዓይን ሰውየውን ያታልለዋል፤ አንገቱን አጣሞ ወደ መልከ ጥሩው ጠመንጃ ይሄዳል። የተጨፈነ ዓይን ግን አያምረውም።

ሴቶች ክለብ መግባት ሲጀምሩ በዐሚ ፊት መጨፈን አፈሩ። ያኔ ነው ፊት ለፊቱ መጋረጃ የተደረገውና ሴቶቹን የማስተናግደው እኔ የሆንኩት። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ አያለሁ፣ ዐሚ ከወዲያ ሆኖ ይጠይቀኛል። «ክርኗ የት ነው?» «ወደ ሆዷ ተጠግቷል።» «ወገቧስ?» «ወደ ኋላ ትለጠጣለች።» እንዲህ እንዲህ እያልን የስንቷን ሴት ትከሻ ለካን።

ግማሽ አውቶማቲክ የሚሉትን ለማያውቅ ልንገር። ምላጩን አንዴ ስትስበው አንዲት ጥይት ትወጣለች፤ ባዶው ቀልሃ በራሱ ተስፈንጥሮ ይወጣና ሌላዋ ጥይት በራሷ ትገባለች። እጅ መቀርቀሪያ አይስብም፤ ምላጩን ግን ለእያንዳንዷ ጥይት መሳብ ያስፈልጋል። ግማሽ የተባለውም ለዚህ ነው። እኛ የምንሸጠው ለኢላማ የሚሆነውን፣ ትንሿን ጥይት የሚጎርሰውን ነበር።

በትንሽ ገንዘብ የሚመጣ ሰው ዐሚ ዘንድ አይናቅም። እንዲያውም እነሱን ሲያገኝ ነው ወንበር የሚስበው። ገንዘብህን ሁሉ ጠመንጃው ላይ አትጨርስ፣ ለጥይት አስቀር ይላል፤ ካልተለማመድክ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ነው። ያገለገለ ግዛ፤ ግን መጀመሪያ ብሎኑን እይ። የብሎኑ ጭንቅላት ከተበላ የማያውቅ ሰው ፈቶታል ማለት ነው። አፈሙዙን ጥጥ ይዘህ ዙሪያውን ዳብሰው፤ ጥጡ አንድ ቦታ ላይ ክር ከተወ ጫፉ ተጎድቷል፤ ጥይቷ ስትወጣ ትገፈተራለች። ትርፍ ካዝና ከተማው ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ጠይቅ፤ ካዝናው ማፊ፣ የለም የሚሉት ከሆነ፣ ጠመንጃውም የለም። ደግሞ ይሄ ዓይነቱ ጠመንጃ ጥይት ያማርጣል፤ አንዱን ይወዳል፣ ሌላው ያንቀዋል። ብዙ ከመግዛትህ በፊት ከየዓይነቱ ጥቂት አጉርሰው። ከተኮስክ በኋላ የእጅህን ላብ ከብረቱ ላይ ጥረግ፤ የዚህ አገር አየር ጨው አለው፤ ብረት ይበላል። ቤትህ ስትደርስ ቆልፍበት። ይኸው ነው። ሁሉም የሚሰማ ምክር ነው፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደዚያች «ቀላል» ወደምትባል ቃል ልምጣ።

በሥራ ዘመኔ ከከሸፉብን ጉዳዮች ሁሉ የሸምሳ ጉዳይ ይበልጥብኛል። ሸምሳን ያሳደገቻት ዘይነባ የምትባል የኔው አገር ሴት ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አዝላ። ልጅቷ ታዲያ አማርኛ ትናገራለች፤ እንደ ዘይነባ አድርጋ፣ ወሎ ወሎ እያለች። አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ከያዘች በኋላ ክለብ ገባች፤ በክለቡ ጠመንጃ ስትለማመድ ቆየች፤ የሴቶች ቡድን መምረጫ ቀረበ። የራሷ ጠመንጃ ያስፈልጋት ነበር። አባቷ አቡ ሸምሳ መጥራሕ ያረጀ ዓሣ አጥማጅ ነው። ነገሩን አልወደደውም፤ ግን አንድ ልጁ ናት። «አንድ ጠመንጃ፣ አንዴ። ካልተመረጥሽ ይሸጣል፤ ከዚያ ኻላስ፣ አበቃ» አላት።

ሱቅ የመጡ ቀን ሸምሳ ለሥራ ሱሐር ሄዳ ነበር። የመጡት አባቷና ዘይነባ ናቸው። ዐሚ «ልጅቷ የለችም፣ ሌላ ቀን ኑ» አለ። አቡ ሸምሳ ከበሩ ሳይገባ «ዛሬ ልቤ እሺ ብሏል። ነገ ምን እንደሚል አላውቅም» አለው። ዐሚ አየው። እውነቱን እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። በዚያች ቀን፣ እኔ ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዐሚ ያለ ትከሻ ለመሸጥ ተስማማ።

በገንዘባቸው የሚገኙት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ያገለገለ፣ አፈሙዙ ወፍራም፣ ሰደፉን እኔ ራሴ ያሸሁት፤ ሲያነሡት ክንድ ይጎትታል። ሌላው አዲስ፣ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ አፈሙዙ ቀጭን፤ በአንድ እጅ ብድግ የሚል።

ዘይነባን ወደ መጋረጃው ሳብኳት። «ሸምሳ ምን ብላ ላከችሽ?»

«እኔ ምን አውቄ ሩቅያዬ፤ ዋናው ነገር ቀላል ይሁንልኝ ብላለች።»

«ቀላል?»

«አዎ፤ ቀላል። በስልክ ሁለቴ ነው የነገረችኝ።»

ወደ ዐሚ ዞሬ «ኸፊፍ ነው የምትፈልገው» አልኩት። ኸፊፍ በዐረብኛ ክብደት የሌለው ማለት ነው። አቡ ሸምሳ አዲሱን በአንድ እጁ አነሣና «ያላ፣ ይሄው ኸፊፍ» አለ። ተፈራረሙ፤ ቁጥሩ ፈቃዱ ላይ ተጻፈ። አንዴ ከተጻፈ ደግሞ እንደ ጫማ መልሶ መቀየር የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ዘይነባ ናት፤ ውኃ ይዛ አብራት ተኩስ ሜዳ ሄዳ ነበር። ተንበርክካ ስትተኩስ ደህና ነበረች። ቆማ ስትተኩስ ግን አፈሙዙ አልረጋ አላት፤ ንፋስ እንደያዘው ሸምበቆ ይወዛወዛል። ትንፋሿን ብትይዝ ባሰበት። ስሟ ሳይጠራ ቀረ። አሠልጣኟ ሙቀቱ ሳይገባ አንድ መምረጫ ቀርቷል አለቻት። አባቷም «እሱን ደግሞ ሞክሪ፤ ከዚያ ግን ይሸጣል» አለ።

ሸምሳና ዘይነባ ሱቅ መጡ። ሸምሳ ጠመንጃውን ከነማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንቱ የሚባል ነገር ዘይነባ ስላላስተማረቻት ሁላችንንም አንቺ ነው የምትለን፤ እኔን ደግሞ ኻላ፣ አክስቴ፣ ትለኛለች።

«ኻላ ሩቅያ፣ እኔ ቀላል ብዬ ነበርኮ።»

«ቀላል ነው'ኮ የኔ ዓለም። ይኸው፣ በአንድ እጅ ይነሣል።»

«መነሣቱንማ ይነሣል። መያዙ ነው የከበደኝ።»

እሷም የዐረብኛውን ቃል ፈልጋ «ሰህል» አለች። «ሰህል! የማያስቸግር። ክለቡ ያለው ትልቅ ነው፣ ግን ቀላል ነው። እጄ ላይ ተኝቶልኝ ነው የምተኩሰው።»

ዘይነባ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ ጉዴ። ታዲያ ቀላል ብለሽ ቀላል አልኩ፤ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እኔም ቀላል ስትይኝ ኸፊፍ አልኩ።»

ይኸው ነው። ዐረብኛ ለማያስቸግረው አንድ ቃል አለው፣ ክብደት ለሌለው ሌላ ቃል። እኛ ለሁለቱም አንድ አለን፤ ዋጋው ርካሽ ሲሆንም ያንኑ እንጠራለን። ሦስት ሴቶች በአንድ ቃል ተግባባን ብለን ሦስት ቦታ ቆመናል። ቆሞ ለሚተኩስ ሰው ደግሞ ከባዱ ነው ቀላሉ፤ ክብደት እጅን ያረጋዋል፣ የልብ ትርታም አያንቀሳቅሰውም። ይህንን እኔ ከማንም በፊት አውቃለሁ። ግን ቃሏ በአማርኛ ስትመጣ ጆሮዬ ወሎ ሄዶ፣ የውኃ እንስራ ቀላል ነው ከባድ ነው የሚባለውን ሰማ።

ለዐሚ ስነግረው መጀመሪያ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ጠመንጃውን ከፈተ፤ ባዶነቱን አየ፣ ለኔም፣ ለሸምሳም አሳየ። «ቃሉ ምን አደረገ፤» አለ። «ትከሻዋን አላየሁም። እሷ እዚህ ቆማ ብትጨፍን ኖሮ ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም ነበር። በይ፣ ጨፍኚ።»

መቀየር ስለማይቻል ከባድ ልናደርገው ተነሣን። የፕላስቲኩ ሰደፍ ውስጡ ባዶ ነው፤ እርሳስ ይገባዋል። ግን እርሳስ ልቅ ሆኖ ከገባ ይንኳኳል፣ ተኳሹን ያናድዳል። ስለዚህ ከፍየል ቆዳ ጠባብ ከረጢቶች ልሰፋ ተስማማን፤ አንዱ ከኋላ ሰደፉ ውስጥ፣ አንዱ ከፊት ከአፈሙዙ ሥር ታስሮ። እርሳስ ስንል ዘይነባ «መረብ ላይ የሚንጠለጠለው ነው?» አለች። «እሱማ የአባቷ ቤት ሞልቷል።»

ሸምሳ አባቷን ለመጠየቅ ፈራች። ዘይነባ ጠየቀችው። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ በነጋታው አቡ ሸምሳ ራሱ የቴምር ቆርቆሮ ሙሉ የመረብ እርሳስ ይዞ መጣ። ባሕር የበላው፣ ነጣ ያለ፣ ያንዳንዱ ክር እንኳ አልወጣለትም። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«መረቤን ነው የምታርዱት» አለ።

ዐሚ «መረብህ ከባሕር ከወጣ ስንት ዘመኑ» አለው።

«ቢሆንስ።»

ወንበር አልያዘም፤ ግን አልሄደም። እኔ እሰፋለሁ፣ ዐሚ እርሳሱን እየቀጠቀጠ ያሳጥራል፣ ሸምሳ ትጨፍናለች ትከፍታለች። ከኋላ ስንጨምር አፈሙዙ ወደ ሰማይ ያያል፤ ከፊት ስንጨምር ክንዷ ይዝላል። ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ። ጉንጯ ከፍ እንዲል የቆዳ ትራስ ሰፋሁላት፤ ስፌቱን ወደ ውጪ አዞርኩት፣ ፊቷን እንዳይፍቃት። አንድ ጊዜ ላይ ሸምሳ ዓይኗን ከፈተች። አፈሙዙ ቆሟል። አቡ ሸምሳ ከበሩ ጥግ ሆኖ አየ።

መምረጫው ያለፈ ሰሞን ስልክ ጠበቅን። አልተደወለም። ዐሚ ከመደርደሪያው አንዱን ጠመንጃ ደጋግሞ ሲወለውል ውሎ «ከደወለች አንቺ አንሺው» ይለኛል። እኔም እጄ ላይ ያለውን ማንገቻ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

በሦስተኛው ቀን አቡ ሸምሳ ብቻውን መጣ። ማኅደሩ በትከሻው ላይ ነው። ሊሸጠው ነው አልኩ በሆዴ። ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከፈተው፤ ጠመንጃውን አላነሣውም። እጁን ኪሱ ከተተ።

«አንሥቼው ነበር፤» አለ። «ሰቂል ሆኗል። ከብዷል። ይሄ እንዴት ይያዛል ብላት፣ አባ አሁን ነው ሰህል የሆነው አለችኝ።»

ከኪሱ አንድ የመረብ እርሳስ አውጥቶ ከጠመንጃው ጎን አስቀመጠ፤ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ያነሰች፣ የተወለወለች።

«ተጠባባቂ ሆና ገብታለች። ጠመንጃው ከፊት በኩል ይቺን ታህል ይጎድለዋል ብላለች። ራሷ ልትመጣ ነበር፤ ልምምድ አላት» አለ። ከዚያ ወደ ዐሚ ዞሮ «መርጬ ነው ያመጣኋት» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሳበ።

ዐሚ እርሳሷን በመዳፉ መዘናት። «ቁጭ በል፤ ግን እሷ ሳትመጣ አላስርም» አለው። አቡ ሸምሳም «እጠብቃለሁ» አለ። ሸምሳ ማምሻውን እስክትመጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዓሣ ሲከራከሩ ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ጠመንጃ ሸጠናል። ዐሚ ዓይኑ ሲደክም ሱቁን ዘጋ፤ እኔም አብሬው ወጣሁ። ሸምሳ ዛሬ ለጀማሪ ሴቶች ታሳያለች። መጀመሪያ ከባዱን ታስይዝና «ቀላል ነው፣ አይዞሽ» ትላቸዋለች አሉ፤ በአማርኛ። ምን ማለቷ እንደሆነ የሚገባቸው ከያዙት በኋላ ነው።

ኢንጂነሩን ትላንት ደረጃው ላይ አገኘሁት።

«እማማ፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ? ቀላሉን ነገሩኝ እንጂ።»

«ዋጋው ነው? ክብደቱ ነው? ወይስ አያያዙ?»

አሰበ። «እሱን አልጠየቅኩትም።»

«አትጠይቀው። ራሱ ይምጣ።»

«ምን ይዞ ይምጣ? ፈቃዱን?»

«ፈቃዱን ሱቅ ይወስደዋል። እኔ ጋ ትከሻውን ይዞ ይምጣ፤ አስይዤ የማስጨፍንበት የመጥረጊያ እንጨት አለኝ።»